የጨፋ ገበሬ ያላነበበው የመመረቂያ ጽሑፍ

ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ነው፤ እንግዲያው አንድ ነገር ሞክሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎቹን የሚያስቀምጥበትን ድረ ገጽ፣ ወይም ናድሬ የሚባለውን አገር አቀፍ የጥናት ማከማቻ ክፈቱ። መፈለጊያው ላይ «ቦርከና» ወይም «ጨፋ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። የመሬት አጠቃቀም ለውጥ፣ ረግረጉ በየዓመቱ ምን ያህል እንደጠበበ፣ የወንዙ ውኃ ጥራት፣ አነስተኛ መስኖ፣ የአርብቶ አደርና የአርሶ አደር የግጦሽ ግጭት፣ ብቻ ያልተጻፈ ነገር የለም። አብዛኛው የማስተርስ ሥራ ነው። ካርታ አለው፣ ሠንጠረዥ አለው፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር አለው።

ከእነዚህ ጽሑፎች አንዱን እንኳ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠ የወረዳ ግብርና ባለሙያ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ገበሬውንማ ተዉት።

ዛሬ ላወራ የፈለግሁት ስለዚህ ክፍተት ነው። «የዩኒቨርሲቲና የኢንዱስትሪ ትስስር» የሚለውን ሐረግ በየስብሰባው ሰምተን ሰልችቶናል። የመግባቢያ ሰነድ ይፈረማል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል። እኔ የምጠይቀው ቀለል ያለ ነገር ነው። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች የመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክት ይሠራሉ፣ የድኅረ ምረቃዎቹም ጽሑፍ ያቀርባሉ። ይህ ሁሉ ጉልበት ከዲፌንስ በኋላ የት ይገባል? ለጥያቄዬ የጨፋን ሸለቆ የመረጥኩት ነገሩ እዚያ በአንድ ወንዝ ላይ ተሰብስቦ ስለሚታይ ነው።

አካባቢውን ለማታውቁት፦ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትሄዱ ሸዋ ሮቢትንና ሰንበቴን አልፋችሁ አጣዬን ትሻገራላችሁ፤ ከዚያ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ ትመጣለች። ከመንገዱ ጎን የተዘረጋው ያ አረንጓዴ ሜዳ ጨፋ ነው። ስሙ ራሱ በኦሮምኛ ረግረጋማ የሣር ሜዳ ማለት ነው። መሐሉን ሰንጥቆ የሚያልፈው ቦርከና ከደሴ አካባቢ ደጋ ይነሣና ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ፣ ሸለቆውን አጠጥቶ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በበጋ ቆላው ሲደርቅ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ ከብቶችና ግመሎች እዚህ ይሰበሰባሉ። ከ20 ዓመታት በፊት በአፋር ድርቅ ጊዜ የወጣ የተባበሩት መንግሥታት የመስክ ሪፖርት ሸለቆውን በርዕሱ የጠራው የ50,000 አርብቶ አደሮችና የ200,000 እንስሳት መጠጊያ ብሎ ነው። አንድ ሜዳ ይህን ሁሉ ሲሸከም አስቡት።

ከከሚሴ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ ኮምቦልቻ አለች። ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ ቆዳ፣ ብረታ ብረት፣ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም እዚያው ኮምቦልቻ ነው። ስለዚህ ኢንዱስትሪው፣ ምህንድስና የሚማረው ወጣትና የገበሬው ማሳ በአንድ ወንዝ ዳር ናቸው። በወረቀት ላይ ካየነው ከዚህ የተሻለ ለትስስር የሚመች ቦታ ከወዴት ይመጣል?

ነገር ግን «ኢንዱስትሪ» የሚለው ቃል ችግር አለበት። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ኢንዱስትሪ ሲሉ በአእምሯቸው የሚመጣው የጭስ ማውጫ ያለው ፋብሪካ ነው። በከሚሴ፣ በዳዋ ጨፋ፣ በአርጡማ ፉርሲ ወይም በጅሌ ጥሙጋ እንዲህ ያለ ፋብሪካ ፈልጉ ብትባሉ ትቸገራላችሁ። ታዲያ እዚያ ሥራ የለም ማለት ነው? ከብት ማደለብ አለ፣ ወተት አለ፣ ማሽላ አለ፣ ማሾ አለ፣ በቦርከና ውኃ የሚለማ ሽንኩርትና ቲማቲም አለ፤ የሰንበቴና የባቲ ገበያ አለ። ይሄ የሸለቆው ኢንዱስትሪ ነው። ማንም የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርሞት ስለማያውቅ ብቻ ከቁጥር ወጥቷል።

ማሾን ብቻ እንውሰድ። በአጭር ዝናብ በሁለት ወር ተኩል ገደማ ይደርሳል፣ ለቆላ ይስማማል፣ በአብዛኛው ወደ እስያ አገራት ይላካል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ እያገበያየው ነው። ማለትም ገንዘብ ነው፣ ዶላር ነው። ግን ፍሬው በአንድ ጊዜ አይደርስም። ዛሬ የደረሰውን ትለቅማለህ፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ትመለሳለህ፣ ካዘገየህ ቆባው ይፈነዳና ፍሬው መሬት ላይ ይበተናል። ከዚያ አውድማ ላይ በዱላ ይወቃል፣ አፈርና ጠጠር ይቀላቀልበታል፣ ፍሬው ይሰባበራል፣ ደረጃው ይወርዳል። ያ ሁሉ አልፎ ጎተራ ሲገባ ነቀዝ ይጠብቀዋል።

እስቲ ቁጠሩ፦ አንድ አንቀጽ ውስጥ ስንት የመመረቂያ ፕሮጀክት አለ? የሜካኒካል ተማሪ የበቆሎ መፈልፈያውን ወስዶ ከበሮው በምን ያህል ፍጥነት ቢዞር ማሾውን ሳይሰብር ይወቃል ብሎ ይሞክር። ይሄ በአንድ ሴሚስተር የሚመለስ፣ በቁጥር የሚለካ ጥያቄ ነው፦ ከመቶ ፍሬ ስንቱ ተሰበረ? የምግብ ወይም የድኅረ ምርት ተማሪ ማከማቻውን ይያዝ። ለነቀዝ አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት፣ ፒክስ የሚባለው፣ አገራችንም ይሸጣል። ነገሩ የተጀመረው በካሜሩን ገበሬዎች የአተር ዘመድ የሆነውን ካውፒን ከነቀዝ ለማዳን በተደረገ ምርምር ነው። ውስጡ ያለው ነቀዝ ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል፤ መርዝ የለ፣ ጭስ የለ። እንግዲህ የጨፋ ገበሬ ለምን አይገዛውም? ዋጋው ነው? ከከሚሴ ገበያ ማግኘት ስላልቻለ ነው? ወይስ አይጥ ስለሚበሳው? ይህን የሚጠይቅ የኢኮኖሚክስ ተማሪ አስር ገጽ ቢጽፍ፣ ከብዙ መቶ ገጽ ጽሑፍ የበለጠ ይጠቅማል ባይ ነኝ።

በተጨባጭ የሚሠራው ግን ምንድነው? የኮምፒዩተር ተማሪ ከሆናችሁ እናንተው ታውቁታላችሁ። የሆቴል ማኔጅመንት ሲስተም፣ የቤተ መጻሕፍት ማኔጅመንት ሲስተም፣ የተማሪዎች መረጃ ሲስተም፣ እንደገና የሆቴል ማኔጅመንት ሲስተም። አምና የቀረበው ዘንድሮ ቀለሙ ተቀይሮ ይቀርባል። ኤሌክትሪካል ላይ ደግሞ በሶላር የሚሠራ የመስኖ ፓምፕ አለ፤ ማትላብ ላይ ብቻ የሚሽከረከር፣ አንድ ጠብታ ውኃ አውጥቶ የማያውቅ። በቦርከና ዳር ግን ገበሬው ለነዳጅ ሞተሩ በየሊትሩ እየከፈለ ነው። የነዳጅ ዋጋ የት እንደደረሰ ለናንተ አልነግርም።

በየግቢው ዙሪያና በቴሌግራም ቻናሎች ላይ ደግሞ «ፕሮጀክት እንሠራለን፣ ዶክመንቴሽን ጨምሮ» የሚሉ ማስታወቂያዎች አሉ። እኔ በተማርኩበት ግቢ (ስሙ ይቆይ) ፎቶ ኮፒ ቤቱ ራሱ ያለቀለት ፕሮጀክት በፍላሽ ይሸጥ ነበር፤ ዲፓርትመንቱም ያውቅ ነበር። ተማሪውን ብቻ መውቀስ ግን ቀላል መንገድ ነው። አንድ አማካሪ ብዙ ቡድኖች ሲደለደሉለት፣ ለመስክ መውጫ በጀት ሳይኖር፣ ርዕሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይገባ ሲባል፣ ማንም የሚመርጠው ከግቢ ሳይወጣ የሚያልቀውን ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጣ። በመጀመሪያው ዙር ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ከግል ተቋማት የመጡት ደግሞ 17 በመቶ ገደማ። ፈተናውን አልቃወምም፤ ብዙ ነገር ገልጦ አሳይቷል። ነገር ግን ሁሉም ዓይን ወደ ምርጫ ጥያቄው ከዞረ፣ ፕሮጀክቱ በመጨረሻው ሴሚስተር «እንደምንም ይለቅ» የሚባል ነገር ይሆናል። ተማሪው ሞኝ አይደለም፤ የሚወድቅበትን ያውቃል።

መሠረቱ ግን መጥፎ አልነበረም። በ1998 ዓ.ም. በጀርመኖች ድጋፍ የተጀመረው የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም የምህንድስና ትምህርቱን ሲቀይር፣ ተማሪው አንድ ሙሉ ሴሚስተር ፋብሪካ ወይም ሳይት ላይ እንዲውል አድርጓል። ኢንተርንሺፑ ከመመረቂያ ፕሮጀክቱ በፊት ይመጣል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ሥራ ቦታ ሄደህ ችግር ታያለህ፣ ተመልሰህ ፕሮጀክት ታደርገዋለህ። በመሐል ግን ሁለቱ ተፋቱ። ብዙዎች የኢንተርንሺፕ ሪፖርታቸውን አስገብተው ይጨርሱና ለፕሮጀክቱ ፍጹም ሌላ ርዕስ ይመርጣሉ። ለምን? የተቀበለው ድርጅት ብዙ ጊዜ ችግሩን ስለማያሳይ ነው። ተለማማጁ ሻይ ያመጣል፣ ፋይል ይደረድራል፣ በመጨረሻ ማኅተም ይመታለታል።

አሁን ወደ ወንዙ ልመለስ፤ ዋናው ነገር እሱ ነውና።

ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚወጣው ፍሳሽ ወደ ሁለት ትናንሽ ወንዞች ይገባል፤ እነሱ ቦርከናን ይቀላቀላሉ፤ ቦርከና ወደ ጨፋ ይመጣል። በእነዚህ ወንዞች ላይ እስከ ሦስተኛ ዲግሪ የደረሰ ጥናት ተሠርቷል፤ ከቆዳ ፋብሪካ በሚወጣው ፍሳሽ ውስጥ ክሮሚየም እንዳለና ከባድ ብረቶች በወንዙ ደለል ላይ እንደሚገኙ በታወቁ ዓለም አቀፍ መጽሔቶች ታትሟል። ምስጢር አይደለም፤ ኢንተርኔት ላይ ያለ ነገር ነው። ሕግም አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። የኢንዱስትሪ ብክለትን የሚመለከተው ደንብ ቁጥር 159 ደግሞ በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ ለነባር ፋብሪካዎች የአምስት ዓመት ማስተካከያ ጊዜ ሰጥቷል። አምስቱ ዓመት ካለፈ ቆየ።

እዚህ ላይ ነው «ትስስር» የሚባለው ነገር ሁለተኛ ፊቱን የሚያሳየው። አንድ ተማሪ ወደ ፋብሪካ ሄዶ «የኤሌክትሪክ ወጪያችሁን እንዴት እንደምትቀንሱ ላጥና» ቢል በሩ ሊከፈትለት ይችላል። «የፍሳሽ ማጣሪያችሁን ልለካ» ካለስ? ሥራ አስኪያጁ የሚያስበው ስለ ተማሪው ውጤት ሳይሆን ወረቀቱ ነገ ማን እጅ እንደሚገባ ነው። እውነቱን ለመናገር ፍርሃቱ ይገባኛል። የሚገባኝ ግን አልስማማበትም። ለፋብሪካው የሚጠቅመውን ብቻ የሚያጠና ትስስር ለፋብሪካው ነፃ ጉልበት ማቅረብ ነው። ወንዙ ታች የሚጠጣው ሰው፣ በዚያ ውኃ ሽንኩርት የሚያጠጣው ሰው፣ በውሉ ላይ ስሙ የለም።

መፍትሔው ጠብ አይደለም። የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየሙን ከፍሳሹ ለይቶ መልሶ ቢጠቀምበት ለኬሚካል የሚያወጣውን ገንዘብ ይቀንሳል። ይሄ በሌላው ዓለም የታወቀ አሠራር ነው፤ ለኬሚካል ምህንድስና ማስተርስ ተማሪ ደግሞ ጥሩ ርዕስ ነው። ፋብሪካው ያተርፋል፣ ወንዙም ያተርፋል። እንዲህ ያለ ርዕስ የሚገኘው ግን አማካሪው ከላይና ከታች ሁለቱንም ሰው አግኝቶ ሲያነጋግር ነው።

መሣሪያው የታለ የምትሉ ትኖራላችሁ። ትክክል ናችሁ። ክሮሚየምን ለመለካት ውድ መሣሪያና ኬሚካል ይጠይቃል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዘርፈዋል፣ ብዙ ነገር ወድሟል። ከሚሴም በዚያው ሰሞን በጦርነቱ ውስጥ አልፋለች። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አካባቢው ግጭት አላጣውም፤ ተማሪን መስክ ላክ ስትለው ወላጁ ነው መጀመሪያ የሚደውለው። ይህን ሳላይ «ውጡ፣ ሥሩ» ብል ያሾፍኩ ይመስላል። ለዚህ ነው በመሣሪያ ላይ የማይንጠለጠሉ ጥያቄዎችን የማበዛው፦ የመውቂያው፣ የከረጢቱ፣ የገበያ ዋጋው። የዞኑ ልጆች የሆኑ ተማሪዎችም አሉ። ለዕረፍት ቤታቸው ሲሄዱ ዳታ መሰብሰብ ይችላሉ፤ ለነሱ «መስክ» ማለት ሰፈራቸው ነው።

ገበያውን ካነሣሁ አይቀር፦ ምርት ገበያው በ934 አጭር ቁጥር ዋጋ የሚነግር የስልክ አገልግሎት ዘርግቶ ነበር፤ ኦሮምኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። ጥሩ ነገር ነው። ግን እሱ የሚናገረው በምርት ገበያው ስለሚሸጠው እህል ነው። እሑድ ሰንበቴ ላይ ወይፈን ስንት እንደዋለ፣ ሰኞ ባቲ ላይ ግመል ስንት እንደተሸጠ አይነግርም። ሁለቱ ገበያዎች በአንድ ቀን ልዩነት ነው የሚውሉት። በሁለቱ መሐል ያለውን የዋጋ ልዩነት የሚያውቀው ደላላው ነው፤ አርብቶ አደሩ ከብቱን ከነዳ በኋላ ነው የሚሰማው። አራት የኮምፒዩተር ተማሪዎች ከሆቴል ሲስተሙ ይልቅ ይህን ቢይዙትስ? አፕ መሆንም የለበትም። መደበኛ ስልክ ላይ በድምፅ የሚሰማ፣ በኦሮምኛና በአፋርኛ የሚናገር ቢሆን ይበልጣል። ከባዱ ኮዱ አይደለም። ከባዱ በየሳምንቱ ዋጋውን ማን በእምነት ይመዘግባል የሚለው ነው፤ ያ ደግሞ ከላፕቶፕ ፊት ተቀምጦ አይፈታም።

ቋንቋን ለብቻው ላነሣው ይገባል። የጨፋ ሕዝብ ኦሮምኛ ይናገራል፣ አማርኛ ይናገራል፣ ሲሸጥ ሲገዛ አፋርኛም ይሰማል። ጽሑፎቹ በሙሉ በእንግሊዝኛ ናቸው። ይህን የምለው እንግሊዝኛ ይቅር ብዬ አይደለም፤ ዓለም አቀፍ ተመራማሪው የሚያነበው እሱን ነው። ግን በዚያ ሁሉ ገጽ ላይ አንድ ገጽ መጨመር ምን ያህል ይከብዳል? አንድ ገጽ በኦሮምኛ፣ አንድ ገጽ በአማርኛ፦ ምን ጠየቅን፣ ምን አገኘን፣ ምን ብታደርጉ ይሻላል። ዲፌንስ ላይ ፈታኞቹ «ይህን ገጽ ለማን ሰጠህ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ፎርማት ከማረም የተሻለ ጥያቄ ይሆን ነበር።

መደርደሪያ ላይ መቅረት ዋጋው ስንት ነው ለምትሉ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት የማስተርስ ተማሪዎች፣ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ውስጥ፣ የታተመ የአማርኛ ጽሑፍን ኮምፒዩተር እንዴት ያንብበው በሚል ርዕስ መመረቂያ ጽሑፍ ይሠሩ ነበር። ያኔ በአገሪቱ ስንት ኮምፒዩተር እንደነበረ ገምቱ! ከእነሱ በኋላ የመጡትም በአማርኛና በኦሮምኛ የድምፅ ማወቂያ፣ በትርጉም፣ በፊደል ማረሚያ ላይ ዓመት ከዓመት ጽፈዋል። ዛሬ ስልካችሁ ካሜራውን አማርኛ ጽሑፍ ላይ ስታዞሩት ያነብላችኋል፤ ያነበበው ግን የውጭ ኩባንያ ነው። ዕውቀቱ ቀድሞ እኛ ዘንድ ነበረ፤ ከዩኒቨርሲቲው ወስዶ ምርት የሚያደርገው ድርጅት ነው ያልነበረው።

ሌሎች እንዴት አደረጉት? ዴንማርክ ውስጥ ከ50 ዓመት በላይ የቆየ ሥርዓት አለ፤ የዶክትሬት ተማሪው የኩባንያ ተቀጣሪ ሆኖ ደመወዝ እየተከፈለው፣ በዩኒቨርሲቲ ደግሞ ተማሪ ሆኖ ሦስት ዓመት አንድ የኩባንያውን ጥያቄ ይዞ ይሠራል። ጥሩ ነው፤ ግን ሀብታም ኩባንያ ይፈልጋል። ለኛ የሚቀርበው የሕንዱ ነው። ከ2017 ጀምሮ በሚያካሂዱት ስማርት ኢንዲያ ሀካቶን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ያለባቸውን ችግር በአጭሩ ጽፈው ያወጣሉ፤ ተማሪዎች ከዝርዝሩ መርጠው ይወዳደራሉ። ልብ በሉ፦ ርዕሱን የሚያወጣው ተማሪው አይደለም፣ ችግሩ ያለበት ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ከአሜሪካ ነው፤ እሱን የምወደው ስለ ገንዘብ ስላልሆነ ነው። በ2007 የስታንፎርድ ተማሪዎች በአንድ ኮርስ ላይ ርካሽ የሕፃናት ማሞቂያ እንዲሠሩ ታዘዙ። የሆስፒታሉን ማሽን በርካሽ ዕቃ ሊሠሩ አስበው ነበር። አንዳቸው ኔፓል ሄደው ሲያዩ ሆስፒታሉ ውስጥ ማሽኖች ባዶ ተቀምጠዋል፤ ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱት ሕፃናት ያሉት መብራት በሌለበት ገጠር ነው። ፕሮጀክቱ ሙሉ በሙሉ ተቀየረ። በመጨረሻ የወጣው የመኝታ ከረጢት የሚመስል፣ ሙቀት በሚይዝ ንጥረ ነገር የሚሠራ መጠቅለያ ነበር፤ ሕንድ ውስጥ ሥራ ላይ ዋለ። ቦታው ላይ ባይደርሱ ኖሮ አንድ ተጨማሪ ማሽን ሠርተው ኤ አግኝተው ይመረቁ ነበር።

ታዲያ ከሚሴ ላይ ማን ዝርዝሩን ያውጣ? የዞኑ ግብርና መምሪያ፣ የእንስሳት ጽሕፈት ቤቱ፣ የውኃ ጽሕፈት ቤቱ፣ የገበሬ ማኅበራት ዩኒየኖች፣ በሸለቆው የሙከራ ማሳ ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል። እያንዳንዱ አምስት አምስት ጥያቄ ቢጽፍ፣ ተማሪው አንብቦ እንዲረዳው በግማሽ ገጽ፣ የሚደወልበት አንድ ሰው ስልክ ቁጥር ጨምሮ፣ ዩኒቨርሲቲው በርዕስ መምረጫ ሰሞን ለጥፎ ቢያቆየው በጀት አይጠይቅም። ስድስት ወር የሚፈጅ ኮሚቴም አያስፈልገውም፤ ኮሚቴ ከተቋቋመማ አበቃለት።

ዩኒቨርሲቲውም የሚያደርገው አለ። ለአንድ ቡድን ከሚሴ ደርሶ መመለሻ የአውቶቡስ ገንዘብ። አንድ ፕሮጀክት በአንድ ዓመት ካላለቀ የቀጣዩ ዓመት ቡድን ካቆመበት እንዲቀጥል መፍቀድ፤ አሁን «ተሠርቷል፣ ሌላ ርዕስ አምጡ» ነው የሚባለው፤ ለዚህ ነው ሁሉም መውቂያ ከዜሮ የሚጀምረው። ከፈታኞቹ ወንበር አንዱ ላይ ደግሞ ጥያቄውን የጻፈው ሰው ይቀመጥ። የመስኖ ባለሙያው እንግሊዝኛው ላይፈጥንለት ይችላል፤ ተማሪው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ያስረዳው። ማስረዳት ካልቻለ እኮ አልገባውም ማለት ነው።

ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመት ላይ ላላችሁት፣ በተለይ ቤታችሁ ከኮምቦልቻ እስከ ሰንበቴ ባለው መንገድ ዳር ለሆነ፦ ዝርዝሩ እስኪወጣ አትጠብቁ። ርዕስ አስገቡ ከመባላችሁ በፊት አንድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ውረዱ፣ ወይም ማሾ ሲወቃ አውድማ ላይ ዋሉ። የተሰበረውን ፍሬ በእፍኝ ዘግናችሁ ቁጠሩት። ቁጥሩን ይዛችሁ አማካሪያችሁ ቢሮ ግቡ፤ እኔ የማውቃቸው አማካሪዎች አብዛኞቹ እንዲህ ይዞ ለመጣ ተማሪ ጊዜ አያጡም። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ያቺን አንድ ገጽ ለአውድማው ባለቤት መልሳችሁ ውሰዱለት።